የአባቴ ሲንጀር፣ የእኔ ቢሮ

ዛሬ ቢሮዬን ላስጎበኛችሁ ነው። ጥበቃ አይፈትሻችሁም፣ መታወቂያም አታስይዙም። ከሳሎናችን በር ገብታችሁ ወደ ግራ ሦስት እርምጃ ስትራመዱ ደርሳችኋል። አራተኛ ከጨመራችሁ ከእናቴ ቡፌ ጋር ትላተማላችሁ፤ ይህን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ስመረቅ ቢሮ ማለት ለእኔ የራሴ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበርና የሚጮህ ስልክ ነበር። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ ሦስቱንም ሰጥቶኛል። የከለከለኝ ደመወዜን ብቻ ነው። ሦስተኛው ወር ያለ ደመወዝ ሲያልፍ ጠረጴዛውን ለባለቤቶቹ ትቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ፍሪላንስ ነኝ። እተረጉማለሁ፣ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፣ ለፖድካስት ስክሪፕት እጽፋለሁ። "ፍሪላንስ" ምን ማለት እንደሆነ ለእናቴ ያላስረዳሁበት መንገድ የለም። እሷን የገባት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጇ ጠዋት ለብሳ አትወጣም።

ለስምንት ወር ቢሮዬ አልጋዬ ነበር። ላፕቶፔን ትራስ ላይ አስቀምጬ፣ እግሬን አጥፌ፣ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ደግፌ እጽፋለሁ። ትራሱ የማናፈሻውን ቀዳዳ ስለሚደፍነው ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል። አንገቴም ወደ ቀኝ መዞር እምቢ አለኝ። ከሁሉም የከፋው ግን አልጋ ላይ የሚሠራ ሰው ሥራውንም በቅጡ አይሠራም፣ ሲተኛም እንቅልፍ አይወስደውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔን ገልጬ ያልጨረስኩትን አንቀጽ ስጨርስ የተገኘሁበት ቀን አለ።

አንድ ቀን በስልክ ቃለ መጠይቅ እያደረግሁ ነው። ያገኘሁት ባለሙያ በስንት ልመና ሃያ ደቂቃ የሰጠኝ ትልቅ ሰው ነው። ዋናው ጥያቄዬ ላይ ስደርስ በሩ ተበርግዶ፣ "አንቺ! ከተኛሽበት ተነሺና ወጡን አማስይልኝ፣ ሱቅ ደርሼ መጣሁ!" የሚል ድምፅ መጣ። ሰውየው ሳቁ። "ሂጂ ልጄ፣ አማስዪ፣ እጠብቅሻለሁ" አሉኝ። ሄጄ አማሰልኩ። ተመልሼ ስመጣ ግን እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ሲሉኝ የነበሩት ሰው "አንቺ" ሆነው ጠበቁኝ። መልሶቻቸውም አጠሩ። ወጡ አላረረም፤ ቃለ መጠይቄ ግን አረረ።

ያን ዕለት ማታ ቢሮ እንዲኖረኝ ወሰንኩ።

ኢንተርኔት ላይ "የቤት ውስጥ ቢሮ" ብላችሁ ብትፈልጉ ምን እንደሚመጣላችሁ ታውቃላችሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ጠረጴዛ፣ ነጭ ወንበር፣ በነጭ ማሰሮ የተተከለች አንዲት ቁልቋል። ገመድ የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። ላፕቶፑ በጸሎት ነው መሰለኝ የሚሠራው። እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ባለ ሁለት መኝታ። አንዱ የእናቴ ነው፣ ሌላውን ከታናሽ እህቴ ጋር እጋራለሁ። መጸዳጃ ቤቱን ካልቆጠርን (እሱንም አስቤበት ነበር፣ አትሳቁ) የቀረው የሳሎኑ መስኮት ሥር ያለው ጥግ ብቻ ነው። ጥጉ ግን ሁለት ነባር ነዋሪዎች ነበሩት።

አንደኛው ቡፌው ነው። የአማርኛ አንባቢ ሆኖ ቡፌ የማያውቅ ስለሌለ አላብራራም። ሃያ አራት ብርጭቆ ይዟል፤ በአንዳቸውም ውኃ ጠጥቼ አላውቅም። ሁለተኛው የአባቴ ሲንጀር ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ሳድግ የማውቀው ሱቅ አልነበረውም፤ የድሮው ቤታችን በረንዳ ላይ ነበር የሚሰፋው። ነሐሴ ሲመጣ በረንዳችን በተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ይሞላል፣ እኛም ጳጉሜን እስኪያልቅ የፔዳሉን ድምፅ እየሰማን እንተኛለን። ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው። ማሽኑ ወደ ውስጥ ታጥፎ ክዳኑ ተዘጋ፣ በላዩ ዳንቴል ተነጠፈበት፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባና የአባቴ ፎቶ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም።

ስህተቴን አልደብቃችሁም። እናቴ ቡና ስትቆላ ሜትር ይዤ ማሽኑን መለካት ጀመርኩ። ድንገት ቀና ብላ አየችኝ።

"ምንድን ነው የምትለኪው? ልትሸጪው ነው?"

"ኧረ እማዬ! ልጽፍበት ነው።"

መልስ አልሰጠችኝም። ሁለት ቀን ሙሉ "ብዪ"ና "ተነሺ" ከማለት በቀር አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ተቀምጠን ሳለ ራሷ አነሳችው። አባቴ የሱቁ ኪራይ ጨምሮበት ማሽኑን ወደ ቤት ይዞ ሲመጣ ዘመዶቿ "ባልሽ ቤት ዋለ እንዴ?" እያሉ ያሽሟጥጧት ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። በረንዳው ላይ ማሽኑን ብርሃን ከሚገባበት ጎን ያስቀመጠችው፣ ነፋስ እንዳይመታው መጋረጃ የሰፋችለት፣ ደንበኛ ሲመጣ የሚቀመጥበት ዱካ የገዛችለት እሷ ናት። "ሰው ሲመጣ ሥራ ቦታ መምሰል አለበት ብዬ ነዋ" አለችኝ።

እኔ በኢንተርኔት ስፈልገው የሰነበትኩትን ሙያ እናቴ ከእኔ በፊት ጨርሳው ኖሯል።

በማግስቱ ሃያ አራቱንም ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልላ አወጣች፣ ቡፌውን ለሦስት ገፍተን አስጠጋነው። ፈቃዷ ግን ከነግዴታው ነው፦ የማሽኑ ራስ ከሆዱ አይወጣም፣ ፎቶው ከቦታው አይነሳም፣ ሥራ ሳቆም ዳንቴሉ ይመለሳል። ሦስቱንም ፈረምኩ።

እስቲ አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ለእናንተም የሚጠቅም ነገር አይጠፋውም።

መጀመሪያ ብርሃን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አታልፍም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በበጋ የሚፈጃችሁ የደቡብ መስኮት ነው። የእኛ መስኮት ወደ ምሥራቅ ስለሆነ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ፀሐይ ቀጥታ ትገባለች። ጠረጴዛውን መጀመሪያ መስኮቱን ፊት ለፊት እንዳይ አድርጌ አስቀመጥኩትና ዓይኔ ጠፋ። ጀርባዬን ስሰጠው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ከራሴ ፊት በቀር የሚታይ አልነበረም። መፍትሔው መስኮቱን በጎን ማድረግ ነው። መጋረጃዬ ያረጀ ነጠላ ነው፤ ፀሐይዋን ያለዝባታል እንጂ አይከለክላትም።

ሁለተኛ ቁመትና ስፋት። የሲንጀሩ ጠረጴዛ ከነተዘርጊ ክዳኑ 88 በ42 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፍታው 76። ጠባብ ነው ብላችሁ አትዘኑልኝ። እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን ቾተን መንደር ባለው ቤቷ የጻፈችው በአንዲት ትንሽ ባለ 12 ጎን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጠረጴዛዋ ዛሬ ሙዚየም በሆነው በዚያው ቤት ይታያል። እሷ ከሠራችበት እኔ ምን ሰበብ አለኝ? ከፍታው ግን ያስቸግራል፤ ስትጽፉ ክርናችሁ ከጠረጴዛው እኩል መሆን አለበት። የምግብ ጠረጴዛውን አንድ ወንበር ወስጄ ወፍራም ስፖንጅ ጨመርኩበት፣ ከወገቤ ኋላ ጋቢ ጠቅልዬ አደረግሁ። ከፍ ስል እግሬ መሬት አጣ። የት አረፈ መሰላችሁ? የአባቴ ፔዳል ላይ! ቺንጋውን ፈተን መሳቢያ ውስጥ ስላስቀመጥነው ፔዳሉ ብቻውን ይወዛወዛል። ቃል ሲጠፋኝ እግሬ መርገጥ ይጀምራል።

የላፕቶፕ ስክሪን ዝቅ ስለሚል አንገት ያጎብጣል። የስክሪኑ ጫፍ ከዓይን እኩል እንዲሆን ከሥሩ የዩኒቨርሲቲ ሃንድአውቶቼን ደረደርኩና ለብቻው ኪቦርድ ገዛሁ። አራት ዓመት የተማርኩት በመጨረሻ አንድ ነገር ከፍ አደረገ።

ሦስተኛ ግድግዳ። የጠረጴዛዬን ግድግዳ ብቻ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ ቀባሁት፤ አንድ ጋሎን ቀለም ገዝቼ ግማሹ ተረፈኝ። ምክር፦ ቀለም በሱቅ መብራት አይታችሁ አትግዙ። ጥቂት ቀብታችሁ በቀንም በማታም እዩት። የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ቀን ላይ ወይራ፣ ማታ በአምፖል ብርሃን ጭቃ ሆኖ ነበር። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ በምስማርና መዶሻ ከሞከራችሁት እንደ ቆሎ ይረግፋል። ድሪል ያለው ጎረቤት ለምኑ፣ ፊሸር አስገቡ፣ ከዚያ ብሎን። ሦስት ሰፌድ የሰቀልኩት እንዲህ ነው። ትንሿ የቺፑድ መደርደሪያዬ የሰፈራችን አናጺ ከሌላ ሰው ቁም ሣጥን የተረፈው ናት።

አራተኛ ድምፅ። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ያስተጋባል፤ ስክሪፕት አንብቤ ስቀዳ ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ወፍራም ጨርቅ ድምፅ ይውጣል። አሁን የምቀዳ ቀን ጋቢውን ከወንበሬ አንስቼ ፊት ለፊቴ እሰቅለዋለሁ። ለመብራት መጥፋት ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ የጠረጴዛ መብራትና ለዋይፋይ ራውተሩ ትንሽ ባትሪ አለኝ። ቁልቋሏንም አልረሳኋትም፤ በእሷ ቦታ ጤና አዳም በቀለም ጣሳ ተክያለሁ። ቡና ሲፈላ ቅርንጫፍ ቀንጥሳችሁ ስኒያችሁ ውስጥ ጣል ነው። ከቁልቋል ጋር ይህን ሞክሩ እስቲ!

የሚያነቃቃ ጥቅስ ለጥፉ ይላሉ፣ "ሕልምሽን ተከተይ" ዓይነት። እኔ የለጠፍኩት ሌላ ነው። የማሽኑን መሳቢያ ስከፍት ከቦቢን፣ ከመርፌና ከልብስ ሰፊ ጠመኔ ሥር የአባቴን ደብተር አገኘሁ። ደረት 92፣ ወገብ 78፣ ቀብድ 30፣ ቀሪ 15። በእያንዳንዱ ትእዛዝ መጨረሻ ደግሞ የሚረከቡበት ቀን በቀይ ተሰምሮበታል። ልብሱ ሲወሰድ ቀኑን በአንድ መስመር ይሰርዘዋል። ዴድላይን ማለት ይኸው አይደል? አንዱን ገጽ በፍሬም አድርጌ ሰቀልኩት፣ የእኔንም ቀኖች በቀይ ጽፌ ከጎኑ እለጥፋለሁ። ከተሰረዙት ያልተሰረዙት የሚበዙበት ሳምንት አለ። የእሱን ገጽ ቀና ብዬ ሳይ አፍራለሁ፤ ሳፍር ደግሞ እጽፋለሁ።

ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመችው መጽሐፏ ልብ ወለድ የምትጽፍ ሴት ገንዘብና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል ብላለች፤ በዓመት 500 ፓውንድ፣ በሩም የሚቆለፍ። ተማሪ ሳለሁ ይህን ሳነብ አጨብጭቤ ነበር። አሁን ሳስበው 500 ፓውንዱም የለኝም፣ በርም የለኝም፤ ሳሎን ውስጥ ጥግ አይቆለፍም። ቡና ሲፈላ ጢሱ እኔ ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ጆሮዬ እዚያ ነው። አሳምሬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ቢሮዬ ከእነዚያ ነጫጭ ሥዕሎች ጋር አይወዳደርም።

ግን ባለፈው ሳምንት ምን ሆነ መሰላችሁ። በጆሮ ማዳመጫ ቃለ መጠይቅ እየገለበጥኩ፣ ላደምጥ ያቆምኩበት ቅጽበት ላይ ከላይኛው ፎቅ ያሉት እትዬ ለቡና ገቡ። ገና ሳይቀመጡ፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው፣ "ልጅቷ ዛሬም ቤት ናት? ሥራ አላገኘችም እንዴ?" አሉ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመ። እናቴ ረከቦቱን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች፦

"ሥራ ላይ ናት። ቀስ ብለን እንጫወት።"

ዞር አላልኩም። ብዞር ኖሮ አንዳችን እናለቅስ ነበር፤ ዴድላይኔ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ማታ ሥራዬን ጨርሼ ዳንቴሉን መመለስ ረስቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ላፕቶፔ ላይ ተነጥፎ አገኘሁት። አራቱም ጫፉ እኩል፣ መሐሉ ላይ የአባቴ ፎቶ።

በሉ ወዳጆች፣ ቤታችሁ ውስጥ ዳንቴል የለበሰ ነገር ካለ እስቲ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ!

ቸር ሰንብቱ።