ሜሞሪ ሙሉ ዘፈን

የዛሬዋ ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቧት።

ትናንት ማታ ከአውስትራሊያ መልእክት ገባልኝ። ጀዊ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ቲቸር፣ ጀዊ አንድ አሁንም አለህ? ስልኬ ተሰብሮ ሁሉም ጠፋብኝ» አለኝ። ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን የፈለገው ዘፈኖቹን ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ «ጀዊ አንድ» ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለሌሎቻችሁ ላስረዳ።

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚርቅ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ነው። የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ የሌችዎር ካምፕ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሰዎቹ ወደዚህ ተዛወሩ። አብዛኞቹ ኑዌር ናቸው። እኔ በ2010 ዲፕሎማዬን ይዤ ጂኦግራፊ ላስተምር ስመጣ እናቴ ጎጃም ሆና ስታለቅስ ነበር። አልፈርድባትም። በሚያዝያ 2008 እዚያው ጀዊ በመኪና አደጋ ሁለት ሕጻናት ሞተው፣ በበቀል ደግሞ ከሞቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ደገኛ ሠራተኞች ተገድለው ነበር። ወሬው አገር ምድሩን አዳርሷል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አስተምሬ፣ ደብተሬን ሰብስቤ፣ ቀጥ ብዬ ወደ መኪናው ነበር። ተማሪዎቹም እኔን የሚያዩኝ በጥርጣሬ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ እንፋጠጣለን፣ ደወል ይደወላል፣ በቃ።

ይህን የሰበረው ዘፈን ነው ብል ማጋነን አይደለም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስልኬ ላይ የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ከፍቼ ተቀምጫለሁ። አንድ ረጅም ልጅ መጣና አጠገቤ ቆመ። ቃሉን እንደማይሰማ ያስታውቃል። ዘፈኑ ሲያልቅ «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ሳቄ መጣ። «ፍቅር ይዞት ነው» አልኩት። «አሃ» አለና የራሱን ስልክ አውጥቶ የኤማኑኤል ጃልን ከፈተልኝ። ጃል ራሱ የኑዌር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ መሣሪያ ታጥቆ የተዋጋ፣ በዚሁ በጋምቤላ ክልል ፒኝዶ ካምፕ ውስጥ የኖረ፣ ኋላ ራፐር የሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከእህቱ ከኛሩአች ጋር «ናት» የሚል አልበም አውጥተዋል። ልጁ «ናት ማለት እኛ ነን። ሰው ማለት ነው» አለኝ። ኑዌሮች ራሳቸውን የሚጠሩት «ሰው» ብለው ነው። እዚያ ቦታ ስንት ዓመት ብኖር መጽሐፍ ያልነገረኝን ነገር ነው ልጁ በእረፍት ሰዓት የነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። አርብ አርብ የፈለገ አንድ ዘፈን ያመጣል፤ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለምን እንደመረጠው መናገር አለበት። እኔ ጥላሁንን፣ አሊ ቢራን፣ ቴዲ አፍሮን አመጣለሁ። እነሱ የጁባ ዘፈን፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በኑዌርኛ፣ የናይጄሪያ ዘፈን፣ ምናምን። አንዷ ተማሪ ያመጣችው አያቷ ስታንጎራጉር በስልክ የተቀዳ ድምፅ ነበር፤ ከኋላው ዶሮ ይጮሃል። «አያቴ እዚያ ቀርታለች» አለች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አልጨረሰችውም፤ ማንም አልጠየቃትም። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ከተትኩና «ጀዊ አንድ» አልኩት።

በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤትም በኮሮና ዝግ ነበር። ፎልደሩ ግን አልቆመም። ልጆቹ ስልክ በሶላር የሚሞላበት ቦታ እየተገናኙ በብሉቱዝና በዜንደር ይቀባበሉት ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈት ያላስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ማህሙድን ሲያንጎራጉሩ አገኘኋቸው። በኋላ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩለት። እዚህ ላይ ነው ስህተቴ የሚጀምረው።

ቻናል ሲኖርህ ሰው ይጠብቅሃል። አንድ ሳምንት ካልለጠፍክ «ቲቸር ጠፋህ» ይሉሃል። እኔም ያገኘሁትን መለጠፍ ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገሯ ቀረች። በ2015 መጨረሻ ላይ ከተማ ውስጥ ሜሞሪ ካስሞላሁበት ቤት አንድ ዘፈን አገኘሁ። ቋንቋው ኑዌርኛ ነው፤ ዜማው ግን ልብ ይሰርቃል። «ምርጥ ዜማ! ለሁላችሁም» ብዬ ለጠፍኩት። ላይኩ ጎረፈ። ደስ አለኝ።

ያ ጊዜ በኢታንግ አካባቢ በኑዌርና በአኙዋ መካከል ግጭት የነበረበት ወቅት ነው። እኔ የምኖረው ከተማ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ አብሮኝ የተከራየ አኙዋ ጎረቤት አለኝ። ማታ ማታ ቡና አብረን እንጠጣለን፤ እሱም ቻናሉን ይከታተላል። በማግስቱ ቡናው ላይ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ሳገኘው ሰላም ይለኛል፤ ግን ሰላምታዋ እንደ ድሮዋ አይደለችም። በአምስተኛው ቀን በሩን አንኳኳሁና «ምን በደልኩህ?» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ዘፈኑን ስልኩ ላይ ከፍቶ መስመር በመስመር ተረጎመልኝ። ኑዌርኛ አቀላጥፎ ይሰማል። ለካ ዘፈኑ ፉከራ ነው፤ ያሸነፉትን፣ የነዱትን ከብት፣ የጣሉትን ሰው ይቆጥራል። የተቆጠሩት የእሱ ወገኖች ናቸው። «ይሄን ዘፈን ጠላቴ ቢልከው ስልኬን ዘግቼ እተኛ ነበር» አለኝ። «አንተ "ለሁላችሁም" ብለህ ስትልከው ግን እኔ ከሁላችሁ ውስጥ የለሁም ማለት ነው አልኩ።»

ወዳጆቼ፣ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። «አላወቅኩም» አልኩት። «እሱን አውቃለሁ» አለኝ። «ሳታውቅ ለምን ላክኸው?»

መልስ አልነበረኝም። እኛም አገር እኮ ቀረርቶና ፉከራ አለ። ሠርግ ላይ ሲፎከር ደማችን ይሞቃል። ለፎካሪው ቤት ጀግንነት የሆነው ግን ለተፎከረበት ቤት ለቅሶ ነው። ይህን ለማወቅ ጋምቤላ ድረስ መምጣት አልነበረብኝም።

ዘፈኑን አጠፋሁ። ዝም ብዬ ማጥፋት ቀላል ነበር፤ ግን ለምን እንዳጠፋሁት ጽፌ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዳንዱ ተከታይ ተናዶብኝ ወጣ። የኑዌር ተማሪዎቼ ግን አንድ ሁለቱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ እኛም ስታወጣው ደንግጠን ነበር፣ ላንተ መንገር አፍረን ነው» አሉኝ። እነሱም አፍረው፣ ጎረቤቴም ተከፍቶ፣ እኔ ብቻ ላይክ ስቆጥር ነበር።

አባቴ ካሴት ሲያውስ ትዝ ይለኛል። ቴፑ የፈታውን ክር በእስክሪብቶ ጠምዝዞ አስተካክሎ፣ «ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛዋን ስማት፣ ስለ እናት ናት» ብሎ ነበር የሚሰጠው። ካሴቱ ከነቃሉ ነው የሚሄደው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊም የአገራችንን ሙዚቃ ያወቀው ጓደኛው ባሰማው በአንድ የማህሙድ ሸክላ ነው። ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ስብስቦች ለዓለም አወጣ። ከአንድ ሰው እጅ የተቀበልከው ዘፈን የት እንደሚያደርስህ አይታወቅም። እኔ ግን ከማንም እጅ ያልተቀበልኩትን ነበር ወደ ሺህ ሰው የበተንኩት።

ጎረቤቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ቡና ላይ መጣ። ምንም አላለም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ድምፅ ከፈተልኝ። ቶም ነው፤ አኙዋዎች በአውራ ጣት የሚጫወቱት መሣሪያ። «አጎቴ ነው የሚጫወተው። ባሮን ስለተሻገረች ልጅ ነው» አለኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ደንቡን ያውቀዋላ! ሁለተኛ ዙር ቡና ቀረበ።

ለአውስትራሊያው ልጅ ዛሬ ጠዋት «ጀዊ አንድ»ን ላክሁለት። መጨረሻው ላይ የጎረቤቴን ቶም ጨመርኩበት፤ ከማን እንደሆነም ጻፍኩለት። ከሰዓታት በኋላ «ቲቸር፣ ያቺ ልጅ ባሮን ተሻግራ ምን ሆነች?» ብሎ መለሰልኝ። ለጎረቤቴ አሳየሁት። «ማታ እነግርሃለሁ፣ ትጽፍለታለህ» አለኝ።

አሁን «ጀዊ ሁለት»ን ልጀምር ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዘፈን ከታች ጻፉልኝ። ግን ከማን እንደሰማችሁት፣ ምን እንደሚልና ለምን እንደመረጣችሁት አብራችሁ። ቃሉን ካላወቃችሁት አትላኩልኝ፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ምናልባት በዚያው ቡና ትጠጡ ይሆናል።

ቲቸራችሁ፣ ከጋምቤላ።