«ኩል ነው» ስንባባል



እኛ መድረሳ ያደግን ሰዎች «ኩል» ሲባል ትዝ የሚለን የዓይኑ ኩል ነው፤ ከዐረብኛው «ኩሕል» ጋር አንድ የሆነው። ደባርቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ናት። አስጎብኚውም በቅሎ ጫኙም ከቱሪስት ጋር ውሎ ሲመለስ ሌላ «ኩል» ይዞ ይገባል። ዳባት ያሉ ተማሪዎችም ለምደውታል።

አንድ ምሽት መስጂድ ውስጥ የአንድ አስጎብኚ ወንድማችን ስልክ ጮኸ። ከሶላት በኋላ ሰው ፊት ተቆጣነው። ኋላ ስንሰማ እናቱ ዳባት ታመውበት ስልክ እየጠበቀ ኖሯል። በማግስቱ «አውፍ በለን» አልነው። «ኩል ነው ኡስታዝ» ብሎን ሄደ። እኛም ይቅር ተባልን ብለን ተኛን። እሱ ግን ከሶፍ ጠፋ።

ከሳምንታት በኋላ ዕቃ ሲያስጭን አገኘነውና «ያ ኩልህ ምን ማለት ነበር?» አልነው። ሳቅ ብሎ ይቆጥርልን ጀመር። «መነሻው ቀዝቃዛ ማለት ነው። ጃኬቱ ኩል ነው ካሉህ ያምራል ማለት ነው። ለቀጠሮ ኩል ካሉህ እሺ ነው። ሻይ ጋብዘኸው አይ አም ኩል ካለህ አልፈልግም ነው። ቢ ኩል ረጋ በል ነው። የተጣሉ ሰዎች ዊ አር ኩል ከተባባሉ ቂም የለንም ነው።» ከዚያ ዝም አለ። «የእኔ ግን፣ ኡስታዝ፣ ተወኝ ልሂድ ነበር።»

ይህን አነጋገር በሰፊው ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች ናቸው። በዚያ የዘር መድልዎ ዘመን በደል ሲደርስ በፊት ሳያሳዩ ረግቶ ማለፍም «ኩል» ይባል ነበር። ወንድማችንም ቁስሉን ሸፍኖበት ነበር። እኛ ደግሞ የሚቀለንን መርጠን ሰማን።

ወጣቶች ሆይ! ቃሉን ተዉት አንልም። ለጃኬትም ለቀጠሮም በሉት። የሰው ሐቅ ያለበት ነገር ላይ ግን ግልጽ ቃል ያስፈልጋል። ኒካሕ እንኳ ያለ «ሰጥቻለሁ» እና «ተቀብያለሁ» አይታሰርም። የከፋችሁ እንደሆነ «ከፍቶኛል» በሉ። ይቅርታ የምትጠይቁም «ኩል ነው» ስትባሉ ቶሎ አትሂዱ፤ የወንድማችሁን ፊት እዩ።

እኛም በመጀመሪያው ቀን ያልጠየቅነውን ያን ቀን ጠየቅነው፦ «እናትህስ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏቸዋል» አለን። ሰው ፊት ተቆጥተነው ስለነበር ጁሙዓ ላይ ሰው ፊት አውፍ ጠየቅነው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «አውፍ ብያለሁ» አለን።

ወላሁ አዕለም።