እምነት የሚፈተነው ሽማግሌ ሲላክ ነው

በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የውጭ ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ፣ ሶዶና አካባቢዋ ላይ የቀሩት የተጠመቁ የወንጌል አማኞች 48 ነበሩ። ሚስዮናውያኑ ያቺ ትንሽ ጉባኤ ትዘልቅ ይሆን ብለው እየሠጉ ሄዱ። ወራሪው ተባሮ፣ አገር ተረጋግቶ ተመልሰው ሲመጡ ግን አሥር ሺህ ገደማ አማኝና በየመንደሩ የተሠሩ የጸሎት ቤቶች ጠበቋቸው።

ወላይታ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ተአምር ነው፤ ተአምር ነው ከሚል አማኝ ጋር አልከራከርም። የየትኛው ሃይማኖት ትምህርት ይበልጣል የሚል ሙግትም እዚህ አልከፍትም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሕዝብ ከአያት ከቅድመ አያት የተቀበለውን እምነት በእንዲህ ያለ ፍጥነት መለወጥ የሚጀምረው ምን ሲገጥመው ነው? ደግሞስ አንዱ እምነት በጥቂት ዓመታት ሲለወጥ ሌላው መቶ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ የማይለው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1887 ዓ.ም. የካዎ ጦና መንግሥት በምኒልክ ጦር ወደቀ። ካዎው ተማረኩ፣ አገሩ ተዘረፈ፣ ገበሬው በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆነ። የወደቀው ዙፋኑ ብቻ አልነበረም። የወላይታ ሰው ጦሳ የሚለውን የሰማይ አምላክ ያውቅ ነበር፤ ግን ጦሳ ሩቅ ነበር። የዕለት ተዕለት ጉዳይ የሚፈጸመው በአያናና በቀደሙ አባቶች መንፈስ በኩል፣ ጠንቋይ እየተጠየቀ፣ መስዋዕት እየቀረበ ነበር። እነዚያ መናፍስት አገሩን ከመወረር አላዳኑትም። አንድ እምነት ቃል የገባውን ሳይፈጽም ሲቀር ሰው ወዲያው አይተወውም፤ ልቡ ግን መጠራጠር ይጀምራል።

ይህ ጥርጣሬ ሥር በሰደደበት ዘመን ከጋሞ ደጋ ኢሳ ላሌ የሚባል ሰው ተነሣ። ለመናፍስት መስዋዕት ማቅረብ ይብቃችሁ፣ ወደ አንዱ ጦሳ ጸልዩ እያለ አስተማረ። ትምህርቱ ጋሞን አልፎ ወላይታ ደረሰ፣ ብዙ ሰውም ተከተለው። የሱዳን ውስጥ ሚስዮን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ገብተው በኋላ ኦቶና ላይ ሲሰፍሩ፣ ጆሮውን ያቀና ሕዝብ ነው ያገኙት። የሰበኩትን አምላክም የጠሩት በዚያው ሕዝቡ በሚያውቀው ስም፣ ጦሳ ብለው ነው።  

እንግዲህ ጆሮ ቀንቶ ነበር፤ ትምህርቱም በሰው ቋንቋ ቀርቦ ነበር። ያም ሆኖ ሚስዮናውያኑ ከገቡበት ጀምሮ እስከ ወጡበት ድረስ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት የተጠመቀው ሰው ከሃምሳ አልሞላም። ቁጥሩ የፈነዳው አስተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

በእነዚያ ዓመታት ምን ሆነ? ትምህርቱ ከፈረንጁ ግቢ ወጥቶ በጎረቤት እጅ ገባ። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ እና ጦሮ ዱቡሾ ያሉ የአገሬው ሰዎች ጉባኤውን ተሸከሙት። ጣሊያን አሠራቸው፣ ገረፋቸው። መንደርተኛው ደግሞ ሁሉን ያይ ነበር። ትናንት አብሮት ያረሰ ሰው ጀርባው ተተልትሎ ከእስር ሲወጣ፣ በነጋታው እዚያው ጉባኤ ሄዶ ሲቀመጥ አየ። የታሰሩትን ለመመገብ ሴቶች ስንቅ ቋጥረው ረጅም መንገድ ሲሄዱ አየ። ረሃብ ሲመጣ አማኞቹ ያላቸውን ለራሳቸው ወገንም፣ ለማያምነውም ሲያካፍሉ አየ። ዘመድ ላልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ርኅራኄ ሲደረግ ማየት ለብዙው አዲስ ነገር ነበር።

ስብከት ጆሮ ይከፍት ይሆናል፤ ሰው ግን የኖረበትን እምነት ጥሎ የሚሻገረው እንደ እርሱ ያለ፣ በዚያው ገበያ የሚውል፣ በዚያው ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ዋጋ ከፍሎበት ሲያይ ነው። ፈረንጅ ቢያምን ፈረንጅ ነው፣ ልማዱ ነው ይባላል። ጎረቤት ሲያምን ግን እኔስ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ቆይቶም እነዚሁ ሰዎች የሰሙትን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ እስከ አሪ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

አሁን ከሃይማኖት ወጥቼ ወደ እግር ልውረድ። በእግር ላይ የነበረን እምነት ማለቴ ነው።

እግር የሚያሳብጠውን ዝሆኔን የማያውቅ የወላይታ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በዚህ ሕመም እንደተያዘ አሳይቷል። በሽተኛው ከሥራ ጊዜው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር ተሰልቷል። ግን ገንዘቡ ቀላሉ ነው። ሕመሙ እርግማን ነው ይባል ነበር፤ የሞተ እባብ ስለረገጠ ነው ይባል ነበር፤ ይተላለፋል ይባል ነበር፤ ከሁሉም በላይ ዘራቸው ውስጥ አለ ይባል ነበር። ስለዚህ በሽተኛው በሰርግ ዳር ይቀመጣል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ እህቱ ጤነኛ ሆና ሳለ የሚጠይቃት ይጠፋል።

የተማረ ሰውም ከዚህ አላመለጠም። በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው በተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት ግማሽ ያህሉ ሕመሙን ተላላፊ ብለው ያምኑ ነበር፤ ሲያክሙ እንዳይይዛቸውም ይፈሩ ነበር። ምክንያቱ ግን ከዚያ በፊት በአሥርት ዓመታት ይታወቅ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ ሕመሙ በባዶ እግር ከሚረገጠው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር እንደሚመጣ አሳይቷል። ደቃቁ የማዕድን ቅንጣት በቆዳ ይገባል፣ የእግሩን የሊምፍ ቧንቧ ይጎዳል፣ እግሩ ያብጣል። ጀርም የለበትም። እውቀቱ በወረቀት ላይ ነበር፤ የመንደሩ እምነት ግን በቦታው ቀረ።

እምነቱን መነቅነቅ የጀመረው ሳፋ ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ሶዶ ላይ የተጀመረው ሞሲ ፉት የተባለ ድርጅት በየገጠሩ ሰው ሰብስቦ እግር ማጠብ ያዘ። ሥራው ይኸው ነው፤ ውሃ በሳፋ ይቀዳል፣ ጥቂት በረኪና ይጨመርበታል፣ እግሩ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በጨርቅ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ በፋሻ ይጠቀለላል፣ ካልሲና ሰፊ ጫማ ይደረግበታል። ሰውየው ይህን ቤቱ ሄዶ በየቀኑ ይደግመዋል። በወራት ውስጥ ሽታው ይጠፋል፣ እብጠቱ ይቀንሳል። ጫማውን ከሚሰፉት መካከል ራሳቸው በሽተኛ የነበሩ አሉ፤ እግር አጠባውን ለሌላው የሚያሳዩትም እንደዚያው። ጎረቤት ያየው ይህን ነው። የሚያጥበው ሰው በእጁ እየነካ አልተያዘም፤ የታጠበው ሰው እርግማኑ ሳይፈታለት ተሻለው። ከንግግር ሁሉ ይህ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወላይታ ሰዎች በተወሰደ ናሙና የተሠራና በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ለዝሆኔ ተጋላጭነት በዘር የሚተላለፍ ድርሻ እንዳለው አረጋገጠ። የመንደሩ ሰው በቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም አይቶ ነበር፤ ያየው እውነት ነበር። የተሳሳተው ካየው በመነሣት የደረሰበት ፍርድ ነው። የዘር ተጋላጭነት ያለው ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ላይታመም ይችላል። ስለዚህ አዛውንቶቻችን ምንም አያውቁም ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። ጦሳ በአዲሱ እምነት ውስጥ ስሙን ይዞ እንደቀጠለ፣ ይህም የአባቶች ትዝብት በአዲሱ እውቀት ውስጥ ቦታ አለው። ሰው ያየው ሲከበርለት የደመደመውን ለመመርመር ይደፍራል።

ሁለቱን ታሪኮች የነገርኳችሁ ሦስተኛው ስላስጨነቀኝ ነው።

ቺናሻ፣ ደገላ፣ ዎጋቼ። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ቀጥቃጩ። ወላይታ ለዘመናት ምግቡን ያበሰለው ቺናሻ በሠራው ሸክላ ነው፤ ማሳውን የቆፈረው ዎጋቼ በቀጠቀጠው ብረት ነው፤ የተኛው ደገላ ባለፋው ቆዳ ላይ ነው። ሆኖም ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አልበላም፣ አልተጋባም። ይህን ነውር ወላይታ ብቻዋን አልፈጠረችውም። ቡዳ እያለ ቀጥቃጩን የሸሸው ሰሜኑም፣ ፉጋ እያለ ያገለለው ሌላው ደቡብም ያው ነው።

ሕጉ ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነት ተሻረ፣ ሕገ መንግሥቱ ሁሉን እኩል አለ። ትምህርት ቤቶች ሁሉን ይቀበላሉ። ቤተ ክርስቲያን የሁሉንም ልጅ በአንድ ወንበር አስቀምጣለች፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ የድሮ ሰው ቢያየው ባላመነ። ጉባኤ ላይ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠረ ሲባል አሜን የማይል የለም። በሻይ ቤትም አብረን እንቀመጣለን። ሽማግሌ ሲላክ ግን ዘር ይጠየቃል። ያ አሜን ያለ አባት ልጁን ለሸክላ ሠሪ ልጅ ሊድር ሲጠየቅ ይከብደዋል። ከፍቶ እምቢ አይልም፤ ልጅቷ ገና ናት፣ ትምህርቷን ትጨርስ ይላል። ሽማግሌዎቹም ይገባቸዋል።

ለዚህ ነው የአንድ ማኅበረሰብ እምነት ተለወጠ አልተለወጠም ለማለት የሚለውን ብቻ መስማት አይበቃም የምለው። ማንን እንደሚድር፣ ከማን ጋር እንደሚቆርስ፣ የማንን አስከሬን እንደሚሸከም መታየት አለበት። ብቻውን ሲሆን እኔ እንኳ አልጸየፍም የሚል አባት እጅግ ብዙ ነው። የሚፈራው ጎረቤቱን ነው። ጎረቤቱም እርሱን ይፈራል። ሁለቱም የማያምኑበትን እምነት አንዱ ለሌላው ሲል ይጠብቃል።

ይህ ቋጠሮ እንዴት እንደሚፈታ ዓለም አሳይቶናል። ቻይና ውስጥ የሴት ልጅ እግር እየታሰረ እንዲያንስ የሚደረግበት ልማድ ለመቶዎች ዓመታት ከቆየ በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አከተመ። እዚያ ትልቅ ሥራ የሠሩት የወላጆች ማኅበራት ናቸው። የልጃችንን እግር አናስርም፣ ወንድ ልጃችንንም እግሯ ለታሰረች አንድርም ብለው በአደባባይ ቃል ተጋቡ። ልማዱ የሚቆመው በጋብቻ ነበርና በጋብቻ ተፈታ።

እዚህ ጎረቤታችን ከምባታም ያው ሆኗል። ቦጋለች ገብሬ እና የመሠረተችው ማኅበር በየመንደሩ ሰው አስቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት አወያዩ፤ ውይይቱ ግን በውይይት አላለቀም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ አድርጋ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አደረገ። ያን ሰርግ ብዙ ሰው አየው። ያልተገረዘች ባል አታገኝም የሚለው ፍርሃት በሰርግ መልስ አገኘ።

ወላይታም ይህን ማድረግ አያቅታትም። ዛሬ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ይኖርባታል፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በየሳምንቱ ሺዎች የሚሰበሰቡባቸው ጉባኤዎች አሏት። የጎደለው በአደባባይ ቀድሞ የሚሻገር ጎረቤት ነው። የጉባኤ ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ የዕድር ዳኞች ስለ እኩልነት ከመስበክ አንድ እርምጃ አልፈው ቤታችን ለጋብቻ ሲጠየቅ ሙያና ዘር አንጠይቅም ብለው ተራ በተራ በስማቸው ቢናገሩ፣ ብዙ ዝም ያለ አባት እፎይ ይላል። የመጀመሪያው ሰው ዋጋ ይከፍላል፤ ዘመድ ይኮርፈዋል፣ ሰርጉ ላይ የሚቀር ይኖራል። በወረራው ዘመን የተገረፉት ከከፈሉት ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ነው።

እኔ የበኩሌን እዚሁ እጽፋለሁ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይያዝብኝ። ልጄን ሊጠይቅ ሽማግሌ የሚልክ ሰው አባቱ ሸክላ ይሥራ፣ ብረት ይቀጥቅጥ፣ ቆዳ ይፋቅ፣ እናቱም እግሯን ትታመም፣ አልጠይቅም። የምጠይቀው ስለ ልጁ ጠባይና ስለ ልጄ ፈቃድ ነው። በዚህ የምትስማሙ ካላችሁ ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ፤ ሰው በሚያያችሁ ቦታ፣ በስማችሁ፣ እናንተም ቃላችሁን ስጡ።