የአያቴ ወደብ

አባቴ ጋምቤላ፣ ባሮ ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ሲያይ ቆየና «መርከቡስ?» አለኝ። ሰማንያውን አልፏል። የዘባረቀ መስሎኝ ደነገጥኩ።

አልዘባረቀም። አጼ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ፣ በኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቅደው ነበር። ለንግድ ብቻ፤ ለጦርም ለፖለቲካም አይሆንም። ኪራዩ የሚጸናው ደግሞ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ነው። የራስን መሬት ለማስመለስ የጎረቤትን ነጻነት መጠበቅ! ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ።

ከኢሉባቦርና ከወለጋ ቡናው በበቅሎ ይወርዳል። መርከቡ ግን ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የበጋው ቡና መጋዘን ገብቶ ዝናብ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሶባት አድርጎ፣ ነጭ አባይን ይዞ እስከ ካርቱም። ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ።

አያቴ ሰባት በቅሎ ነበረው። በ1947 ዓ.ም. አባቴን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አስከትሎ ከጎሬ ወረደ። ደገኛ ቆላ ሲወርድ የሚፈራው ወባ እዚሁ ያዘው። በአምስተኛው ቀን ነጋዴዎቹ ቀበሩት። አባቴ ከነሱ ጋር ዳገቱን ወጣ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1948፣ ሱዳን ነጻ ወጣች፤ ኪራዩም አበቃ፤ ጋምቤላ ተመለሰች። መንገዱ ወደ መኪና ዞረ፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ አልወረደም።

ታዲያ አሁን ለምን መጣህ ብለው አልመለሰልኝም። ወንዝ ዳር ወርደን አንድ የአኝዋክ ሽማግሌ አገኘን። እነሱ ባሮን ኦፔኖ ይሉታል። በልጃቸው አስተርጓሚነት ስለ ደገኞች መቃብር ጠየቅናቸው። አሰቡ፤ ከዚያ በከዘራቸው ወደ ሰፈሩ አመለከቱ። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ የተሰጣ ልብስ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«አባባ፣ እንሂድ፤ ፀሐዩ ይጎዳሃል።»

«ቆይ።»

ወደ ሰፈሩ ፊቱን አዙሮ፣ እኔን ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ «ሰባቱንም አድርሻቸዋለሁ። አንዷ ብቻ ትንሽ አነከሰች።»