ከት

በአገራችን «ከት» የሳቅ ድምፅ ነው። ከት ብሎ ሳቀ እንላለን። እኛ ግን ካርቱም ገብተን የማታ እንግሊዝኛ ስንጀምር ይኸው ድምፅ መቁረጥ ሆኖ ጠበቀን። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1983 ነበር። ዴም ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ሆነን በአንድ ፋኖስ ዙሪያ እንሰበሰባለን። አስተማሪያችን እንደ እኛው ስደተኛ ነበሩ፤ በአገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩ ሰው።

«ይህ ግሥ አይለወጥም፤ ዛሬም ከት፣ ትናንትም ከት፣ ሦስተኛውም ከት» አሉን።

«እንደ ስደተኛ ኑሮ ነዋ!» አለ ከመካከላችን አንዱ፣ የጎንደር ልጅ። ሁላችንም በአገራችን ከት ሳቅን።

ከዚያ ቃሉ ይበዛ ጀመር። ጠጉር መስተካከል ከት፤ ደመወዝ ሲቀነስ ከት፤ ከሥጋው አንዱ ብልት ከት፤ ተማሪ ከክፍል ሲቀር ክፍሉን ከት አደረገ ይባላል፤ ሲኒማ የሚያነሣው ሰው ሥራውን የሚያስቆመው ከት ብሎ ጮኾ ነው። መብራት ሲጠፋም ከት። ይህን ለማወቅ እንኳ ትምህርት አላስፈለገንም፤ የቤቱ ባለቤት ሱዳናዊት በየምሽቱ «ከህረባ ቀጠዐት!» ይሉ ነበርና፤ መብራቱ ተቆረጠ ማለታቸው ነው።

የእነርሱን ከት በደብተር ጻፍነው። ያስቸገረን የገዛ ራሳችን መቁረጥ ነው። እኛ ትኬት እንቆርጣለን፤ ዐረቡም ይቆርጣል፤ እንግሊዙ ግን ይገዛል። እኛ ለሠርግ ቀን እንቆርጣለን። ዋጋ ቆረጥን ስንል ተስማምተን ወሰንን ማለታችን ነው፤ በእነርሱ ቤት ግን ዋጋ ከት ማድረግ ዋጋ መቀነስ ነው። ሆዳችንን ይቆርጠናል። ልጁ ቁርጥ አባቱን ነው እንላለን። «ቆራጥ» የሚለውንማ ተዉት! የደርግ ራዲዮ ጧት ማታ ሊቀ መንበሩን ቆራጥ እያለ ቃሉን አስጠልቶን ነበር።

በዚያው ዓመት በመስከረም የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓን ሕግ አወጀ። የስርቆት ቅጣት ቀኝ እጅን መቁረጥ ሆነ፤ ለከባድ ዝርፊያ ደግሞ ቀኝ እጅና ግራ እግር። ዓመቱ ሳያልቅ በኮበር እስር ቤት ተፈጸመ። ወረቀት የሌለን፣ በየመንገዱ የምንያዝ ሰዎች ነበርንና ያን ወሬ በሰማንበት ማታ ደብተር የከፈተ አልነበረም። አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉና «ሂዱ ልጆቼ፣ ሳይመሽ ግቡ» አሉን።

በተከታዩ ዓመት የጎንደሩ ጓደኛችን ወደ ውጭ አገር ለመሻገር ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ለምን ከአገርህ ወጣህ ተባለ። ሊል ያሰበው ይህን ነበር፦ ወንድሜ ከታሰረ በኋላ ተስፋ ቆረጥሁ፣ ድንበር አቋረጥሁ፣ ቆርጬ መጣሁ። ያለው ግን «አይ ከት ሆፕ፣ አይ ከት ቦርደር፣ አይ ከት ኤንድ አይ ካም» ነው። ጠያቂው ብዕሩን አነሣና «ማንን ነው የቆረጥኸው?» አለው። ጓደኛችን ሲደነግጥ የሚስቅ ሰው ነው፤ ሳቀ። ሰውዬው ረጅም ነገር ጻፈ።

ከሁለት ወር በኋላ አልተቀበልንህም የሚል ወረቀት መጣ። ያ ቃል ይሁን፣ ያ ሳቅ ይሁን፣ ሌላም ነገር ይሁን፣ ወረቀቱ ምክንያት አልጻፈም።

አስተማሪያችን ሲሰሙ የራሳቸው ጥፋት ያህል አዘኑ። «ልጄ፣ እነርሱ ተስፋን ይጥሉታል እንጂ አይቆርጡትም፤ ‹ሎስት› ነው የሚባለው» አሉት።

«የጣለማ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ጋሼ» አለ። «የቆረጠ ምኑን ይቀጥለዋል?»

ከእኛ ብዙዎቹ ወጡ፤ እሱ ቀረ። ኒሜሪ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1985 ከሥልጣን ሲወርድ እዚያው ነበር። በ1988 ጎርፉ ዴምን ሲያጥለቀልቅ እዚያው ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነቱ ሲፈነዳም፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ እዚያው ነበር። ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ በገላባት በኩል መተማ ገቡ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ድንበር ማቋረጥ፣ አሁን ወደ ኋላ። እኛም ወደዚህ ካምፕ መጣን። እሱ በስልክ «ወደ ገዳሪፍ ትኬት ቆርጫለሁ» ብሎን ነበር፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ዐሥራ አንድ ቀን ቁርጡን ሳናውቅ ቆየን። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ፌስታል ይዞ ከጭነት መኪና ላይ ወረደ።

አሁን በዚህ ካምፕ ማታ ማታ ልጆቹን እንግሊዝኛ የሚያስተምረው እሱ ነው። ትኬት ከት አደረግሁ የሚል ልጅ ሲያጋጥመው ከት ብሎ ይስቃል እንጂ አያርምም። ተስፋ ላይ ሲደርሱ ግን ደብተሩን ይቀበልና በቀይ ይሰርዘዋል፤ «ሎስት» ብሎ በላዩ ይጽፋል፣ ልጁንም ሦስት ጊዜ ያስነብበዋል።