የሚጾመው ነብርና የከተማ ልብ ወለድ

በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ አገር፣ ነብር ክርስቲያን ነው ይባላል፤ ስለዚህም ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል ይባላል። ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ዳን ስፐርበር በዚያ አገር ተቀምጦ ይህን ነገር ከሰማ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ነገር ግን አብሮ የመዘገበው ሁለተኛው ነገር ከፊተኛው ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ይኸውም የዶርዜ ሰው በጾም ቀንም ቢሆን ከብቱን ከነብር የሚጠብቀው እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ተጠንቅቆ ነው። ነብሩ ይጾማልና በረቱን ክፍት ልተወው የሚል ሰው አይገኝም።

በአርባ ምንጭ ከተማ በሴቻ የሚኖር አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ስለ ልብ ወለድ መጻሕፍት ያለውን አሳብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነብር ነው። ይህ ሰው አጥብቆ የሚወዳቸው መጻሕፍት አንድ የታወቀ ጠባይ አላቸው። ነገሩ የሚፈጸመው በጥንት ዘመን ወይም በሩቅ ደሴት ሳይሆን፣ አውቶቡስ በሚመላለስበት፣ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት፣ የመብራት ቆጣሪ በሚነበብበት በዛሬ ከተማ ውስጥ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያው ከተማ መንፈስ በመንገድ ይሄዳል፣ ወንዝ ይናገራል፣ ሰውም ወደ አውሬ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ድርሰት በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ ብዙ ደራስያንና ብዙ አንባብያን አግኝቷል።

የመምህሩ ወዳጅ የሆኑ አንድ ቄስ ግን ነገሩ አልጣማቸውም። «መምህር፣ ሕዝቡ ጠንቋይንና ቡዳን ከመፍራት ገና አልወጣም፤ ታዲያ ይህን ፍርሃት ደግሞ በታተመ መጽሐፍ መመገብ ምን ይረባዋል?» ብለው ጠየቁት። መምህሩም የቄሱን ነገር አቃሎ አልተመለከተውም። «አባ፣ የሚሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በረቱን የሚጠብቅ አለ፣ በረቱን ከፍቶ የሚተው አለ» ብሎ መለሰላቸው።

የዚህም ቃል ፍች እንዲህ ነው። በአንድ ድርሰት ውስጥ ድንቅ ነገር በገባ ጊዜ የዕለት ኑሮ ሥራውን ሳያቋርጥ ከቀጠለ ድርሰቱ የታመነ ይሆናል። ድንቁ መጥቶ ረኀቡም፣ ዕዳውም፣ የጎረቤት ጠቡም እንደ ጉም ከተነ ግን፣ ከተማው የቲያትር መጋረጃ ላይ የተሳለ ከተማ ሆነ ማለት ነው። ሩሲያዊው ሚካኤል ቡልጋኮቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ዓ. ም. ሞቶ፣ «ሊቁና ማርጋሪታ» የተባለው መጽሐፉ ከ26 ዓመት በኋላ በመጽሔት መታተም ጀመረ። በዚህ መጽሐፍ ሰይጣን የውጭ አገር ሊቅ መስሎ ወደ ሞስኮ ይመጣል፤ የከተማው ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ መካከል ስለ መኖሪያ ክፍል ጥበት መጣላታቸውን አይተዉም። መምህሩ ይህን ሲያነብ ሰይጣኑን ያመነው በክፍሎቹ ጥበት ምክንያት መሆኑን ይናገራል።

እንግሊዛዊው ቤን አሮኖቪች በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው «የለንደን ወንዞች» ደግሞ አንድ ወጣት ፖሊስ የአስማት ተማሪ ይሆናል፤ ሆኖም የፖሊስነት ሥራው አይቀርለትም። የቴምዝም ወንዝ እመቤት ከናይጄሪያ የመጣች ሴት ናት። መምህሩ ይህን አጥብቆ ወድዶታል፤ ባሕር ተሻግራ የመጣች እንግዳ የከተማው ወንዝ ለመሆን ከበቃች፣ ጋሞውም፣ ወላይታውም፣ ጎፋውም፣ ከሰሜን የወረደውም አብሮ በሚኖርበት በአርባ ምንጭ ቁልቁል የሚወርደው ኩልፎ በማን ቋንቋ ይናገር ይሆን? ብሎ ብዙ ቀን አስቧል።

ከአገራችን መጻሕፍት ወደዚህ ወገን የሚቀርበው በ2001 ዓ. ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው ይላል። የጣና ገዳማትን ከዘመናዊ ሳይንስና ከስለላ ምስጢር ጋር ያገናኘ፣ ወጣቱንም ወደ ንባብ የመለሰ መጽሐፍ ስለ ሆነ ያመሰግነዋል። አንድ ቅር የሚለው ነገር ቢኖር መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ በልቡ የሚቀሩት ታላላቅ ምስጢሮች እንጂ የባሕር ዳር ገበያ አለመሆኑ ነው።

ለደራሲ የሚሆን ነገር በጋሞ ምድር አልጠፋም። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው፤ ዓባያንና ጫሞን የሚለየው ኮረብታም የእግዜር ድልድይ ይባላል። በዶርዜ ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራው ረጅም ቤት ምስጥ እግሩን በበላው ጊዜ ከሥሩ እየተቈረጠ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ቤት የሚሄድበት አገር ያለው ደራሲ ከባዕድ አገር ደም መጣጭ ሬሳ ለመበደር ስለ ምን ይደክማል?

ከሁሉም በላይ መምህሩ የሚያነሣው በመስከረም ወር 2011 ዓ. ም. የሆነውን ነው። በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉና ከተፈናቀሉ በኋላ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ተነሥተው ለበቀል ወደ አደባባይ ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አንድ ባዕድ ይህን በልብ ወለድ ቢያነበው አስማት ነው ይል ነበር። የአገሩን ሥርዓት የሚያውቅ ግን ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ በጋሞ ዘንድ ታላቅ ነውር መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የሣሩ ኀይል በሣሩ ውስጥ አልነበረም፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በተሳሰሩበት ሕግ ውስጥ ነበረ እንጂ። የከተማ ድንቅ ማለት ይህ ነው ብሎ ያምናል።

እንግዲህ የቄሱ ጥያቄ ክብደቱ የታየው አንድ የቀድሞ ተማሪው የጻፈውን ልብ ወለድ ይዞለት በመጣ ጊዜ ነው። ድርሰቱ ያማረ ነበር። በሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ በሌሊት ጅብ ይታያል፤ ሕፃናት ይታመማሉ፤ በመጨረሻም ጅቡ በገበያ ማሰሮና ጀበና የምትሸጥ ከደጋ የመጣች ሴት ሆና ትገኛለች፤ ወጣቶችም ይገድሏታል፤ ከተማውም ያርፋል። መምህሩ መጽሐፉን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ሦስት ቀን ዝም አለ።

የመምህሩ እናት በጨንቻ ገበያ ማሰሮና ጀበና ትሸጥ ነበር። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ በጉባኤም እኩል አይቈጠርም ነበር። እናቱም ገዢ ገንዘቡን በእጇ ሳያኖር በመሬት ላይ ሲጥልላት ጐንበስ ብላ ታነሣው ነበር፤ ማሰሮዋ ወደሚገባበትም ቤት እርስዋ ደጁን አታልፍም ነበር። ልጅዋ ከፍ ብሎ ለትምህርት ወደ ሰሜን በሄደ ጊዜ ነገሩን በሌላ ስም አገኘው፤ በዚያም አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪው ቡዳ ነው፣ በሌሊትም ጅብ ይሆናል ሲባል ሰማ። አንድ ቀን የትምህርት ጓደኛው እናቱ ምን እንደምትሠራ ጠየቀው፤ እርሱም ነገረው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጓደኛው አብሮት ከአንድ መሶብ አልበላም።

ይህን ክፉ ስም የመንግሥት ሕግ ከተቃወመው ረጅም ዘመን ሆኗል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ ምክንያት እንዳይሰድቡ በአዋጅ ከልክለው ነበር። በዚያው በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት፣ በሮም ታተመ። መምህሩ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸውን ብዙ ጊዜ ያስታውሳል፤ አዋጁ የሰውን አፍ ቢዘጋም ልቡን የሚደርስበት ግን ድርሰት ነውና።

በሦስተኛው ቀን ተማሪው መጣ። መምህሩም እንዲህ አለው፤ «ልጄ፣ የለንደን ሰው ስለ ተኩላ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ ወደ ጎዳና ሲወጣ፣ ተኩላ ነው ተብሎ የሚታማ ጎረቤት የለውም። ከ400 ዓመት በፊት ግን በአውሮፓ እንዲህ ተብለው በዳኛ ፊት ቆመው የተገደሉ ሰዎች ነበሩ። አውሬው ጨዋታ የሆነው ክሱ ከቀረ በኋላ ነው። የእኛ ክስ ግን ገና በገበያው ውስጥ ተቀምጧል»። ከዚህም አያይዞ የእናቱን ነገር ነገረው።

ተማሪው ራሱን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ጅቡን ላውጣው ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጅቡን ተወው፤ ሴትዮዋን ግን ጻፋት» አለው መምህሩ። «ጭቃውን ከየት እንደምታመጣ፣ በእሳት ስንት ማሰሮ እንደሚሰነጠቅባት ጻፍ። ሌሊት ከቤቷ የምትወጣውም ገበያው ሩቅ ስለ ሆነ መሆኑን ጻፍ። ከዚያ በኋላ ጅቡ ቢመጣ፣ አንባቢው ስለ ማን መፍራት እንደሚገባው ያውቃል»።

ለተማሪውም ደቡብ አፍሪካዊትዋ ሎረን ቢዩክስ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመችውን «የአራዊት ከተማ» አዋሰው። በዚያ መጽሐፍ በጆሃንስበርግ ከባድ ወንጀል የፈጸመ ሰው አንድ እንስሳ ይጣበቅበታል፤ ወደ ሄደበትም ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ ሕዝቡም በእንስሳው ለይቶ ይሸሸዋል። ታሪኩን የምትናገረው ግን ራስዋ እንስሳ የተጣበቀባት ሴት ናት። አንባቢው ከተማውን የሚያየው በምትሸሸው ሴት ዐይን ስለ ሆነ፣ ድንቁ ነገር የሰውን ስም ለማጥፋት አልዋለም።

ቄሱ ይህን ሁሉ በሰሙ ጊዜ፣ «እንዲህ ከሆነስ ክፋቱ ከመንፈሱ መጠራት ሳይሆን ከጎረቤቱ መረሳት ነው» አሉ። ቀጥለውም ወጣቶች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እንዳያነቡ ይከልከሉን? ብለው ጠየቁ። መምህሩ መከልከሉን አልወደደውም፤ የተከለከለ መጽሐፍ ያለ መካሪ ተደብቆ ይነበባልና። ይልቁንም ከካህኑም ከመምህሩም የሚጠበቀው ከወጣቱ ጋር አብሮ ማንበብና፣ በእያንዳንዱ ታሪክ መጨረሻ፣ «አውሬ የተባለው ማን ነው? ስሙንስ ያወጣለት ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው አላቸው። ቄሱም፣ «እንግዲያስ ልጁ ሲጨርስ አስቀድመህ ለእኔ ስጠኝ» ብለው ተለያዩ።

ተማሪው እስካሁን መጽሐፉን አልመለሰም። ከወር በፊት ግን በአውቶቡስ ወደ ጨንቻ ሲወጣ ያዩት ሰዎች ለመምህሩ ነግረውታል፤ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ጭቃ ሲረገጥ ሲመለከት ነበር አሉ። ሲመለስም አንዲት ጀበና ገዝቶ፣ ገንዘቡን በሴትዮዋ እጅ አኑሯል።