ቀይ ጠብታ ካያችሁ ዝም አትበሉ

በዚህ መጽሔት ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ነው። መኪና ምን አገባት እንዳትሉኝ። የቤቱን መኪና የሚነዳው ሹፌሩ ነው፤ ሴቶች እንዲነዱ ከተፈቀደበት ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙ ማዳሞች ራሳቸው ይነዳሉ። መኪናው የሚያድርበትን ሐውሽ ግን በየጠዋቱ የምናጥበው እኛ ነን። ከስሩ ምን እንደፈሰሰ ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው መጥረጊያ የያዘው ሰው ነው።

ከመኪና ስር የሚገኝ ፈሳሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ንጹሕ ውሃ ከሆነ አያስጨንቅም፣ የኤሲው ላብ ነው፤ በጅዳ ወበቅ ደግሞ ብዙ ይንጠባጠባል። ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ሆኖ እንደ ውሃ የቀጠነ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው፤ መርዝ ስለሆነ ልጆችና ድመቶች ሳይነኩት ቶሎ እጠቡት። ቀይ ሆኖ በጣት ሲነኩት ቅባት ያለው አብዛኛውን ጊዜ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ እዚህ አገር «ዘይት ጊር» የሚሉት። በአንዳንድ መኪና የመሪው ዘይትም ቀይ ስለሆነ ከየት እንደሚወርድ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ ያለሁበት ቤት በፈረንጅ 2004 ሞዴል የሆነ ጂ.ኤም.ሲ. አለ፣ ሰው «ጂምስ» የሚለው ትልቁ መኪና። ከረመዳን በፊት በሻዕባን ቀይ ነገር ማየት ጀመርኩና ለሹፌራችን ነገርኩት። እንደ እኔ የወሎ ልጅ ነው፣ «ወንድሜ» ነው የምለው። ጎንበስ ብሎ አየና «እህቴ፣ ይሄ የካምቢዮ ነው። ቱቦው ያፈሳል» አለኝ። ወለሉን በየቀኑ መፈተግም ስለሰለቸኝ የሙዝ ካርቶን ከስሩ አነጥፍ ጀመር። ጠዋት አነሳውና ቀኑን በእስክርቢቶ ጽፌበት ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አስቀምጠዋለሁ።

ቱቦው ምን እንደሆነ እሱ እንዳስረዳኝ ልንገራችሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለ ዘይት አይሠራም። የሞተሩን ጉልበት የሚያሻግረውም፣ ማርሽ የሚቀያይረውም የዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ ሲሠራ በጣም ይግላል። ስለዚህ በአንድ ቀጭን የብረት ቱቦ ፊት ለፊት እስካለው ራዲያተር ሄዶ፣ ቀዝቅዞ፣ በሌላው ቱቦ ይመለሳል። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ብረቱ እንዳይሰበር መሐሉ ላይ ጎማ ገብቶበታል። ጎማውና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ በብረት ቀለበት ተጨፍልቆ የታሰረ ነው። መኪናው ሲያረጅ ጎማው ይደርቃል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ዘይቱም ከዚያ ማላብ ይጀምራል። የጅዳ የባሕር አየር ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል።

ሹፌራችን ለቤቱ ልጅ ሲነግረው «ትንሽ ጠብታ ናት፣ ዘይት ጨምርበት» ተባለ። የካምቢዮ ዘይት ግን እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ የሚያልቅ አይደለም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። ደግሞ መኪናው ቆሞ ሲያድር የምናየው ትንሹን ነው። ሞተር ሲነሳ ዘይቱ በግፊት ስለሚሄድ መንገድ ላይ የሚፈሰው ይበልጣል።

በረመዳን መግቢያ ልጅየው ራሱ አንድ ጋራዥ ወሰደው። የደረቀውን ጎማ ቆርጠው ሌላ ጎማ በፋሸታ አሰሩበት። ካርቶኑ አምስት ቀን ንጹሕ ሆነ። በስድስተኛው ቀን የሳንቲም ያህል ወረደ፣ ሳምንት ሳይሞላ የሲኒ አፍ ያህል፣ ቀጥሎ የሻይ ሰሐን ያህል። ሹፌራችን ደግሞ ተናገረ፤ «አሁን ተሠርቷል እኮ» ተባለ።

በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች የቤቱን አሮጊት ሐጃን ለዑምራ መካ ወሰድናት። ሹፌራችን፣ የሐጃ የልጅ ልጅና እኔ ነበርን። ከጅዳ መካ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ችግሩ መካ ሲገባ ነው። በረመዳን ያለው የመኪና ብዛት፣ ዳገቱ፣ አንድ እርምጃ ሄዶ መቆሙ ካምቢዮውን ያግለዋል።

ጠዋት ስንመለስ ሹሜሲን አለፍ እንዳልን ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልጎትት አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ ከስርም ጭስ ወጣ። ሹፌራችን ዳር ይዞ ወዲያው ሞተሩን አጠፋና «ውረዱ! ራቁ!» አለን። ዘይቱ የጋለ ማርሚታ ላይ ሲንጠባጠብ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሐጃን ከነወንበሯ ተሸክመን አሸዋው ላይ አራቅናት። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ የታሰረው ጎማ ከነፋሸታው ተንሸራትቶ ወጥቶ ኖሯል። መኪናው በሰጥሓ ተጭኖ ጅዳ ገባ።

ማታ ቤት ውስጥ የተወራው ሌላ ነው። «ሹፌሩ ረግጦ ነድቶ ካምቢዮውን አቃጠለ፣ ከደሞዙ ይቆረጣል» ተባለ። ካምቢዮ ማለት በሺዎች የሚቆጠር ሪያል ነው። እሱ አገር ቤት ሦስት ልጆች አሉት። ሐውሹ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ አየሁት፣ ሆዴ ባባ።

ካርቶኖቹን አምጥቼ ባባ ፊት በተራ ደረደርኳቸው። ቀኑን በሻዕባንና በረመዳን ቁጥር ስለጻፍኩት ለመረዳት አልተቸገረም። ከጋራዡ በፊት ጠብታ አለ፣ አምስት ቀን የለም፣ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ መጥቷል። ልጅየው ተቆጣ፣ «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። ባባ ግን ዝም ብሎ አንድ በአንድ አየ። ሐጃም «ወላሂ ልጁ ቀስ ብሎ ነው የነዳው፣ አውጥቶ ያዳነን እሱ ነው» አለች። ደሞዙ አልተቆረጠም።

ባባ ሙሉ አዲስ ቱቦ አስገዛ፣ ከነጎማው ተሠርቶ የሚመጣውን። ዋጋው በመቶ የሚቆጠር ሪያል ነው። ሹፌራችን እዚያው ሐውሹ ውስጥ ሲሠራው እኔ መብራት ያዝኩለት፣ ሐጃም በር ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር አይገባም፣ የብረት እግር ይቆምለታል። ከዚያ ዘይቱ ሁሉ ታጥቦ ይጸዳል፤ ንፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚበትነው የሚያፈሰው ቦታ ከሚንጠባጠበው ቦታ ፊት ወይም በላይ ሊሆን ይችላል። የዚህ መኪና ቱቦ ጫፉ ላይ በትንሽ የሽቦ ቅንጥብ ነው የሚያዘው። ቅንጥቡና የጎማ ቀለበቱ በአዲስ ይቀየራሉ፣ ቱቦው ቀጭ ብሎ ሲገባ ደግሞ ጎተት አድርጎ ማረጋገጥ ነው። በብሎን የሚታሰር ዓይነት ከሆነ በሁለት ቁልፍ ይሠራል፣ አንዱ ራዲያተሩ ላይ ያለውን ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። አለዚያ የራዲያተሩ አፍ ይሰነጠቃል።

የወጣውን ጎማ አሳየኝ፣ እንደ ማስቲካ ለስልሷል። የውሃ ጎማ ነበር። የግድ ጎማ መቀጠል ካለበት ለጋለ የካምቢዮ ዘይት የተሠራው ብቻ ነው የሚሆነው። የብረቱ ጫፍም ከንፈር ሊወጣለት ይገባል፣ ልሙጥ ከሆነ ጎማው ተንሸራትቶ ይወጣል። በመጨረሻ ራዲያተሩን ከፍቶ አየ። ውሃው እንደ እንጆሪ ወተት ሆኖ ቢገኝ ዘይትና ውሃ ውስጥ ለውስጥ ተቀላቅለዋል ማለት ነው፣ ያኔ ራዲያተሩ ራሱ ይቀየራል። የኛው ደህና ነበር። ትክክለኛውን ዘይት ሞላ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ፣ ሜዳ ላይ ማርሹን «ፒ» አድርጎ በመለኪያው ዘንግ አየ። ከልክ በላይም አይሞላም፣ ይተፋል። ወዲያው ስላቆመው ካምቢዮው ተርፏል። ይኸው ሦስት ወር ሆነ፣ ካርቶኑ ደረቅ ነው።

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን በእረፍት ቀን ገንዘብ አዋጥተን በሰው አሮጌ መኪና መካ እንሄዳለን። በሰኔ 2016ቱ ሐጅ መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ነበር፤ በዚህ ሙቀት መንገድ ዳር መቅረት ቀልድ አይደለም። ከመሳፈራችሁ በፊት መኪናው የቆመበትን መሬት እዩ። ቀይ እርጥበት ካለ ጠይቁ፣ «ዘይት እጨምራለሁ» ካላችሁ አትሳፈሩ። አቅም ካለም የሐረመይን ባቡር አለ።

አገር ቤት ወንድም ወይም ባል «አሮጌ አውቶማቲክ አግኝቻለሁ፣ ብር ላኪ» ሲልም የውጪውን ፎቶ ብቻ አትቀበሉ። ግማሽ ሰዓት ይንዳው፣ ካርቶን ላይ ያሳድረው፣ ጠዋት የካርቶኑን ፎቶ ይላክላችሁ። ብሩ የእናንተ ላብ ነው፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው።